ሰዓቱን ማንም አልጠየቀኝም

በ2020 ጸደይ፣ ኢጣሊያ በኮሮና ምክንያት ደጇን በዘጋችበት ወቅት፣ አንድ ጎረቤቴን ጠቁሜ አስቀጥቻለሁ። ነገሩ በዚያም አላበቃም። ሰውየው የጠቆማቸው ሌላ ሰው እንደሆነ አምነው፣ ሕንፃው ሁሉ ያን ሌላ ሰው ፊት ሲነሳ፣ እኔ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጥፋት የአንድ ደቂቃ ነው፤ ሁለተኛውን ግን በየቀኑ እያወቅኩ ነው የሠራሁት። ሁለቱንም እናገራለሁ።

ቀኖቹንና ሰዓቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ዓመቱ በእኛ 2012 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የሰዎቹን ስም አልጠራም። የመንደሯንም ስም ትቼዋለሁ፤ በጣም ትንሽ ስለሆነች እሷን ከጠራሁ ሰዎቹን እንደጠራሁ ይቆጠራል።

ቦታው ሊጉሪያ ነው፤ ከጄኖቫ ወደ ላ ስፔሲያ የሚሄደው ባቡር ከዋሻ ወደ ዋሻ እየገባና እየወጣ ባሕሩን ታኮ የሚያልፍበት ዳርቻ። ሬኮና ካሞሊ ቅርባችን ናቸው። በዚያ በኩል ተራራው ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ ስለሚወርድ ሜዳ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ቤቱ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ነው የተሠራው፤ አምስት ስድስት ፎቅ፣ ጠባብ፣ እርስ በርሱ የተደጋገፈ፣ አብዛኛው ሊፍት የሌለው። ግድግዳው ቢጫና ሮዝ ይቀባል። ከእውነተኞቹ መስኮቶች መካከል ደግሞ በቀለም ብቻ የተሳሉ መስኮቶች አሉ፤ መዝጊያቸውና ጥላቸው ሳይቀር የተሳለ። ለመንደሩ አዲስ ሳለሁ አንዱ እውነተኛ መስሎኝ፣ ለምን ሁልጊዜ እንደተዘጋ እንደሚውል የምጦራቸውን ሲኞራን ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

በበጋ የሚላኖና የቶሪኖ ሰው ይሞላታል። ብርዱ ሲገባ የሚቀሩት ሽማግሌዎቹና እነሱን የምንጦር ሴቶች ነን፤ ከኤኳዶር፣ ከፔሩ፣ ከዩክሬን፣ ከሮማኒያ የመጣን። እኔ ከደሴ ነኝ። ሥራዬ ባዳንቴ ነበር፤ ኢጣሊያ ያለ ሐበሻ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ለማያውቀው፣ ከአንድ አሮጊት ጋር እዚያው ቤት እያደሩ ማብሰል፣ ማጠብ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ሌሊት ሲጠሩ መነሣት ነው። ዕረፍቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነው። በሐሙሴ ባቡር ይዤ ጄኖቫ እሄድና ከአገሬ ልጆች ጋር በአማርኛ ስስቅ አምሽቼ እመለስ ነበር። ሲኞራዬ 91 ዓመታቸው ነበር፤ አእምሯቸው የነቃ፣ ሳንባቸው ግን የደከመ። ሌሊት ሲተነፍሱ ከማዶው ክፍል ይሰማኛል።

ከእኛ በላይ፣ በመጨረሻው ፎቅ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ሁሉ ካፒታኖ ይላቸዋል። ካፒቴን ግን አልነበሩም፤ ዕድሜያቸውን በጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸው። ያ ዳርቻ ከጥንት ጀምሮ መርከበኛ የሚያፈራ ነው። በወጣትነታቸው ምፅዋና አሰብ ወርደዋል። ደረጃው ላይ መጀመሪያ ያገኙኝ ቀን ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና ስነግራቸው ስለ አሰብ ሙቀት አወሩልኝ፤ ሌሊት እንኳ የመርከቡ ብረት አያስነካም ነበር አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታቸው በእኛው "ሰላም" ሆነ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሥራዬን ሳይሆን አገሬን ጠይቀው ያወቁኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ካፒታኖ ጎዞ የሚሉት ትንሽ የእንጨት ጀልባ ነበራቸው። ሊነጋጋ ሲል ደረጃውን ይወርዳሉ፤ የግራ እግራቸው ትንሽ ስለሚከብዳቸው እርምጃቸው ከሌላው ይለያል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ይመለሳሉ። ዓሣ የቀናቸው ቀን በራችን እጀታ ላይ ፌስታል አንጠልጥለው ያልፋሉ፤ አያንኳኩም። ብዙ ጊዜ ቦጋ ነው፤ ርካሽ፣ ሥጋው ለስላሳ፣ እሾሁ የበዛ ዓሣ። ቅርፊቱን በቢላ ጀርባ ከጅራቱ ወደ ራሱ እየፋቅኩ አነሣለሁ፤ ሆዱን ሰንጥቄ አጥባለሁ፤ ከተቀቀለ በኋላ ሥጋውን በጣቶቼ መካከል እየዳበስኩ እሾሁን አንድ በአንድ እለቅማለሁ፤ አንዷ ካመለጠችኝ ሲኞራን ታንቃለች። ያን ጸደይ ዐቢይ ጾም ላይ ስለነበርኩ እኔ አልቀምሰውም። እጄ ግን ቀኑን ሙሉ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር።

በሽታው የመጣው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። ፌብሩዋሪ 21 ቀን ኮዶኞ የተባለችው የሎምባርዲያ ከተማ ስም በቴሌቪዥን ተነገረ፤ ከእኛ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ናት። መጀመሪያ ሩቅ መሰለን። ማርች 7 ለ8 አጥቢያ ሎምባርዲያን የሚዘጋው ድንጋጌ ሳይፈረም አፈትልኮ ወጣ፤ የሚላኖ ሰው ሻንጣውን ይዞ ባቡር ጣቢያ ሲራወጥ አየን። መኪና ያለውም ወደ ባሕር ዳር ቤቱ ነዳ። በሕንፃችን ሁለተኛ ፎቅ በዓመት ለነሐሴ ብቻ የሚከፈት ቤት ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ተከፍቶ አገኘነው። ባልና ሚስትና አንዲት ትንሽ ልጅ ነበሩ። ማርች 9 ማታ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጁሴፔ ኮንቴ ወጥተው ኢጣሊያ በሙሉ መዘጋቷን ተናገሩ። ሁላችንም ባለንበት ቀረን፤ እነሱም ሁለተኛ ፎቅ፣ እኛም አራተኛ ላይ።

ከዚያ በኋላ ቀኑ አንድ ዓይነት ሆነ። ጠዋት 7 ሰዓት ላይ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከቫቲካኑ ሳንታ ማርታ የሚቀድሱት ቅዳሴ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ ሲኞራ ፀጉራቸውን ካላበጠርኩላቸው አያዩም፤ ቤተ ክርስቲያን ነው ይላሉ። ከዚያ ቡና በሞካ፣ መድኃኒት፣ የተነከረ ዳቦ። ማታ 6 ሰዓት ላይ የሲቪል መከላከያ ኃላፊው አንጄሎ ቦሬሊ የሞተውን ሰው ቁጥር ያነባሉ። ሲኞራ ድምፁን ከፍ አድርጊው ይሉኝና ቁጥሩ ሲነገር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ማርች 18 ማታ ወታደራዊ የጭነት መኪኖች ሬሳ ጭነው ከቤርጋሞ ሲወጡ ታየ። ሲኞራ የቤርጋሞ ዘመድ ነበራቸው፤ ያን ማታ እራት አልበሉም። ማርች 27 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በዝናብ ውስጥ ባዶ አደባባይ ላይ ብቻቸውን ቆመው ሲጸልዩ አየን፤ በዚያ ቀን የተነገረው ሟች ከ900 በላይ ነበር።

መንደሯ ጸጥ አለች። ባቡሩ ባዶውን ያልፋል። ከየሰገነቱ ሁሉ መልካም ይሆናል የሚል ጽሑፍና ቀስተ ደመና የተሳለበት አንሶላ ተሰቀለ፤ የሁለተኛው ፎቅ ልጅም ሠርታ ሰቅላ ነበር። ከቤታችን ወደ ውጭ የምወጣው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወደ ሱቅ፣ ወደ ፋርማሲ። ለመውጣት ደግሞ ወረቀት ያስፈልግ ነበር፤ ስምህን፣ ከየት ወደ የት እንደምትሄድ፣ ለምን እንደምትሄድ የምትፈርምበት። ማተሚያ ስላልነበረን በእጄ ነበር የምገለብጠው። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ አንቀጽ 495 ተጠቅሶበታል፤ ሐሰት የሚናገር ይቀጣል የሚለው። ወረቀቱ በየጊዜው ይለወጣል፤ በተለወጠ ቁጥር ማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ እንደ አዲስ እጽፋለሁ። አንድ ፊደል ከሳትኩ የምባረር ይመስለኝ ነበር።

ፍርሃቴ ከዚህ ይጀምራል፤ በደንብ መናገር ያለብኝም እሱን ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሶጆርኖ የምንለው፣ እድሳት ላይ ነበር። በእጄ ያለው የፖስታ ቤት ደረሰኝ ብቻ ነው። ቢሮዎቹ ተዘግተዋል። የፈቃዶች ጊዜ በሕግ መራዘሙን ሰምቻለሁ፤ ሆኖም ስደተኛ የሰማውን ሁሉ አያምንም። ስሜ በማንኛውም የፖሊስ መዝገብ ላይ እንዳይሰፍር በቀን በሌሊት እጸልይ ነበር።

በዚህ ላይ የሕንፃው ነዋሪዎች የዋትሳፕ ቡድን ነበራቸው። ሲኞራ ዓይናቸው ስለማያነብ መልእክቱን የማነብላቸው እኔ ነኝ። አንድ ማታ እንዲህ የሚል መጣ፦ ከሕንፃችን በየቀኑ የሚወጣ ሰው አለ፤ ደረጃው ላይ እርምጃ ይሰማል፤ አረጋውያን እንዳሉን አይርሳ። ስም አልተጠቀሰም። ሲኞራ "ስለ ማን ነው?" አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። የሚወጣው ሰው እኔ ነኝ፤ መልኬም ከሩቅ የሚለይ እኔው ነኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ያን ጊዜ ኢጣሊያ ሁሉ እርስ በርሱ ይተያይ ነበር። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ከመስኮት ይሰደባል። የካምፓኒያ አስተዳዳሪ ቪንቼንሶ ዴ ሉካ የምረቃ ግብዣ ለሚያደርጉ ልጆች እሳት የሚተፋ መሣሪያ የያዘ ፖሊስ እልካለሁ ሲሉ ሰው አጨብጭቦላቸዋል። ይህን የምጽፈው ለራሴ መሸሸጊያ እንዲሆነኝ አይደለም። በዚያው አየር ውስጥ እየተነፈሱ ማንንም ያልጠቆሙ ሴቶች አውቃለሁ፤ ወረቀታቸውም ከእኔ የባሰ ነበር።

ቀኑ ከሆሳዕና በፊት ነው፤ የአፕሪል መጀመሪያ። ፋርማሲው ደጃፍ ተራ ይዤ ቆሜአለሁ፤ የሲኞራን የደም ግፊት መድኃኒትና በብርቅ የሚገኘውን ጭምብል ልጠይቅ። ሁለት የማዘጋጃ ቤት ፖሊሶች ወረቀት እያዩ መጡ። አንደኛው የእኔን አንብቦ ሲጨርስ አድራሻውን በጣቱ ነካ አደረገው።

"ከዚህ ሕንፃ ነሽ?"

"አዎ።"

"ከዚያ ሰው ይወጣል ይገባል የሚል ስሞታ ደርሶናል። አንቺ ነሽ?"

አነጋገሩ ክፉ አልነበረም። የደከመው ወጣት ነው። እኔ አይደለሁም፣ የምወጣው ለመድኃኒትና ለምግብ ብቻ ነው ብዬ ማቆም እችል ነበር፤ ወረቀቱም ያንኑ ይናገራል። እኔ ግን ቀጠልኩ። "ላይኛው ፎቅ ያሉት ሽማግሌ ናቸው። ጀልባ አላቸው። ሊነጋጋ ሲል ነው የሚወርዱት፣ ፀሐይ ሳትወጣ።"

ሰዓቱን ማንም አልጠየቀኝም። ጀልባውንም ማንም አልጠየቀኝም። ሰውየውን መስጠቴ ሳያንስ የሚያዙበትን ጊዜና ቦታ ጨመርኩ። ፖሊሱ አመሰገነኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። የተሰማኝን ልደብቅ አልችልም፤ ደስ አለኝ። ከእኔ ላይ የወረደ ነገር ነበር። መድኃኒቱን ይዤ ደረጃውን ስወጣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ያላገኘሁትን እፎይታ አግኝቻለሁ።

ለራሴ ያልኩት ሲኞራን ለማዳን ነው የሚል ነበር። ካፒታኖ ጭምብል አያደርጉም፤ የደረጃውን መያዣ እየጨበጡ ነው የሚወርዱት። ሕጉም ለሙያው ዓሣ አጥማጅ እንጂ ለጡረተኛ አይፈቅድም ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን እውነቱን ሁሉ ለፖሊሱ ከመናገሬ በፊት ለእሳቸው መናገር እችል ነበር፤ ከእኛ በር እስከ እሳቸው በር አንድ ፎቅ ነው። "ካፒታኖ፣ የሲኞራ ሳንባ ያሰጋኛል፤ መያዣውን አይንኩብኝ" ብላቸው እምቢ የሚሉ ሰው አልነበሩም። አላልኳቸውም፤ ምክንያቱም ያስጨነቀኝ የሲኞራ ሳንባ አልነበረም። ከራስ በላይ ነፋስ ይባል የለ፤ ያን ዕለት በአፌ ሳይሆን በሥራዬ አልኩት።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን በማግስቱ ያደረግኩት ነው። ወይም ያላደረግኩት። ሊነጋጋ ሲል ነቅቼ ማእድ ቤት ቆሜ ነበር፤ መብራት አብርቼ ውሃ ጥጄ። ከላይ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ከባዱ እግር፣ ቀላሉ እግር፣ ከባዱ እግር። ወደ እኛ በር ደረሱ። በሩን ከፍቼ "ዛሬ ይቅርብዎ" ለማለት ሦስት እርምጃ ነበር የሚያስፈልገኝ። ምክንያቱን መናገር እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። እጄ ምድጃው ላይ እንዳለ ቆምኩ። እርምጃቸው በራችን ላይ ትንሽ ቆም ያለ መሰለኝና ወደ ታች ቀጠለ።

ወዲያው ተመለሱ። ፀሐይ ገና አልወጣችም። በራችን ላይ የተንጠለጠለ ነገር አልነበረም።

ማርች 25 በወጣው ድንጋጌ መሠረት ቅጣቱ 400 ዩሮ ነበር፤ በ30 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 280። ለእሳቸው ገንዘቡ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ያመማቸው ገንዘቡ አልነበረም። ሁለት ሰዎች ወደቡ ላይ ቆመው ሲጠብቋቸው አገኟቸው። አልፈው ሲሄዱ ያዩዋቸው አይደሉም፤ መምጣታቸውን አውቀው የጠበቁ ናቸው። ሰው ነግሮብኛል ብለው ከመስኮታቸው ሆነው ከጎረቤት ጋር ሲያወሩ ድምፃቸው ወደ እኛ ይወርድ ነበር።

ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ግማሽ ቀን እንኳ አልቆየም። የሚላኖዎቹ ናቸው ተባለ። በሌሊት የመጡት፣ በሽታውን ይዘው ሊመጡ ይችሉ የነበሩት፣ አሁን ደግሞ እዚህ ተወልዶ ያረጀ ሰው ላይ የሚጠቁሙት። ማንም አልመረመረም፤ ነገሩ ለሁሉም የሚመች ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰው ደረጃው ላይ ሲያገኛቸው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በዋትሳፑ ላይ እንግዶቻችን እየተባሉ ይወጉ ጀመር። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ የመኪናቸው መስታወት ላይ ተመለሱ የሚል ወረቀት ተሰክቶ አየሁ፤ በሾፌሩ በር ላይ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቁልፍ ወይም በሚስማር የተሳበ ጭረት። ሴትየዋ መኪናው አጠገብ ቆማ ነበር። ወደ እኔ ስትዞር እኔም ፊቴን አዞርኩ። ሌላው ሰው የማያውቀውን እያወቅኩ አዞርኩ።

የልጅቷም አንሶላ ከሰገነቱ ወረደ።

ሲኞራ "እነዚህ የሚላኖ ሰዎች" ሲሉ ራሴን ነቅንቄአለሁ። ካፒታኖ አንድ ቀን ደረጃው ላይ "አንቺ እንኳ ከስንት አገር መጥተሽ እንዲህ አታደርጊም" ሲሉኝ መሬት መሬት አየሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ተቀብያለሁ።

ያደግኩት ጆሮ ጠቢ የሚባል ሰው በሚረገምበት ቤት ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ የእናቴን ታላቅ ወንድም ደሴ ላይ ከቤቱ የወሰዱት ጎረቤት ጠቁሞት ነው። አያቴ እስክትሞት ድረስ ከዚያ ቤት እሳት አልጫረችም፣ ቡና አልጠጣችም። እኔ ያጠፋሁት ከዚያ ጋር የሚስተካከል አይደለም፤ በካፒታኖ ላይ የደረሰው የገንዘብ ቅጣት ነው፤ አጎቴ ግን አልተመለሰም። ሆኖም የጎረቤታችን ልብ ያን ቀን እንዴት ሠርቶ ይሆን እያልኩ ልጅ ሳለሁ የጠየቅኩትን መልሱን ያገኘሁት ፋርማሲው ደጃፍ ላይ ነው። ጥላቻ አያስፈልገውም። ለራስ መፍራት ይበቃዋል።

አፕሪል 12 የእነሱ ፋሲካ ነበር፤ ለእኛ ሆሳዕና። አገር ቤት ስደውል እዚያም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ሰው ቤቱ ሆኖ እንዲጸልይ ተነግሮታል፤ እናቴ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ስታይ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር። በሳምንቱ ለራሴ ፋሲካ ዶሮ ሠራሁ። ጾሙን ሙሉ ሥጋና ወተት ሳልነካ ምላሴን አልጾምኩትም። ወጡን ሳማስል ይህን አሰብኩና እሳቱን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ሰምተው ሲጨርሱ አልተቆጡኝም። መጀመሪያ ለበደልሽው ሰው ንገሪው፣ ከዚያ ወደ እኔ ትመለሻለሽ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። አልነገርኩም፤ ወደ እሳቸውም አልተመለስኩም።

ሜይ 4 መንገዱ ተከፈተ። የሁለተኛው ፎቅ ሰዎች በዚያው ሰሞን ሻንጣቸውን ጭነው ሄዱ፤ የሸኛቸው የለም። በነሐሴ አልመጡም። ቤቱን ሸጡት ሲባል ሰማሁ። ካፒታኖ ደግሞ ከቅጣቱ በኋላ አንድም ቀን ወደ ወደቡ ሳይወርዱ ከርመው ሲወጡ ከዘራ ይዘው ነበር። ደረጃውን ለመውረድ በየፎቁ ያርፋሉ። ያ ቅጣት ነው እግራቸውን የያዘው ብዬ አልምልም፤ 80 ያለፋቸው ሰው ናቸው፣ የግራ እግራቸውም ቀድሞ የሚከብድ ነበር። ነገር ግን እስከዚያ ቀን ድረስ በየማለዳው ይወርዱ እንደነበር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ጎዞዋን ለወንድማቸው ልጅ ሰጡት።

ፈቃዴ ታደሰ። ምንም አልሆንኩም። ፖሊሱ ስሜን የትም አልጻፈውም ነበር።

ሲኞራ ያረፉት ከዚያ ሁለት ክረምት ቆይቶ ነው፤ በኮሮና ሳይሆን በዕድሜ። ባዳንቴ የምትጦረው ሰው ሲሞት ሥራዋም ቤቷም አብሮ ያልቃል። ዕቃዬን አስሬ ከመሄዴ በፊት ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። ይህንንም ልናዘዝ፦ የተናገርኩት ልቤ ስለ ደፈረ አይደለም። የሚወሰድብኝ ነገር ስላልቀረ ነው።

ካፒታኖ ወንበር ሰጡኝ። መጀመሪያ የተናገርኩት ግማሹን ነው፤ ፖሊሱ ሲጠይቀኝ ከአፌ አመለጠኝ አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ሌላውንም ጨመርኩ፤ ሰዓቱን፣ ጀልባውን፣ በማግስቱ ከበሩ ጀርባ መቆሜን፣ ስለ ወረቀቴ መፍራቴን፣ የሚላኖዎቹ ስም ሲጠፋ እየሰማሁ ዝም ማለቴን።

ብዙ ቆዩና "በበርሽ ሥር መብራት አይቼ ነበር" አሉኝ። "ሲኞራ ታመው ይሆን ብዬ ላንኳኳ ነበር። ተኝተው ከሆነ እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ተውኩት።"

የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። ቅጣቱን ልክፈልዎ ብዬ ያዘጋጀሁትን ፖስታ አወጣሁ፤ እጃቸውን አነሡና ከለከሉኝ። ከዚያ "ለእነዚያስ ሰዎች ነግረሻቸዋል?" ብለው ጠየቁ።

"አልነገርኳቸውም። የት እንዳሉም አላውቅም።"

ያን ጊዜ ነው የተቆጡት። ስለ ቅጣቱ አልተቆጡም፤ ስለ ጀልባውም አልተቆጡም። "እኔ በየደጁ ስማቸውን አጥፍቻለሁ" አሉ። "ቡና ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን። የወንድሜን ልጅ እንኳ ሰላም እንዳይላቸው አድርጌአለሁ። ሰው ሳልበድል አርጅቻለሁ እያልኩ ነበር እኮ። አሁን ይህን ምን ላድርገው?"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የበደልኩት የሚመስለኝ ጠቁሜ በማስቀጣቴ ነበር። ዝም ብዬ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ሽማግሌውን ሐሰተኛ ምስክር እያደረግኋቸው እንደነበር አላሰብኩም። የእኔን ውሸት እሳቸው በቅን ልብ ለመንደሩ ሲያከፋፍሉ ኖረዋል።

እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ደብዳቤ ጻፍን። የሕንፃው አስተዳዳሪ የድሮ ባለቤቶችን አድራሻ ስለሚይዝ በእሱ በኩል እንዲላክ። እኔ የጻፍኩት አጭር ነው፦ ሽማግሌውን የጠቆምኩት እኔ ነኝ፤ እናንተ እንደተጠረጠራችሁ እያወቅኩ ዝም አልኩ፤ መኪናችሁን የጫርኩት እኔ አይደለሁም፣ ግን በእኔ ዝምታ ነው የተጫረው፤ ያሠራችሁበትን ልክፈል፤ ለልጃችሁም ሰዎች ለምን ፊታቸውን እንዳዞሩባት እውነቱን ንገሯት። ካፒታኖ ከሥር በራሳቸው እጅ ጥቂት ቃል ጨመሩበት። ምን እንደጻፉ አላነበብኩም፤ አልጠየቅኳቸውም።

አሁን የምሠራው ጄኖቫ ነው። ዋትሳፑ ላይም ሆነ ዳቦ ቤቱ ካፒታኖ እውነቱን ለሰው ሁሉ ተናግረዋል፤ ስሜን ጠርተው እንዲናገሩ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ደብዳቤው መድረሱን አስተዳዳሪው አረጋግጦልኛል። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም፤ ለካፒታኖ በደወልኩላቸው ቁጥርም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።